140 ኖድ ይታያል፣ አንዱም አይመልስም፦ የፓኬት ሬዲዮ የመስመር ሰንጠረዥ አያያዝ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ቢፒኪው የተባለውን የኖድ ፕሮግራም ጭኜ፣ የሬዲዮን ድምፅ ወደ ዳታ ከሚለውጠው ዳየርዎልፍ ጋር አያይዤ፣ በ2 ሜትር ባንድ በ1200 ቦድ (በሰከንድ 1200 ቢት) የሚሠራ ኖድ፣ ማለትም ፓኬት የሚባለውን የዳታ ቁራጭ በሬዲዮ ተቀብሎ የሚያሻግር የአማተር ጣቢያ፣ አቁሜያለሁ። በሬዲዮ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ፤ በኢንተርኔት ደግሞ ከአንድ ወዳጄ ኖድ ጋር ተገናኝቻለሁ። ብዙ ኖድ እንዲታየኝ ብዬ የሁሉንም ጥራት 255 አደረግሁት። አሁን ሰንጠረዤ ላይ 140 ኖዶች አሉ፤ ልገናኝ ስል ግን አብዛኞቹ አይመልሱም። በዚያ ላይ በ44 የሚጀምር የአማተሮች አይፒ አድራሻ አስመድቤ ነበር። ሌሎች አማተሮች ከ44 አድራሻቸው ፒንግ ሲያደርጉኝ ይደርሳቸዋል፤ ከስልኬ ኢንተርኔት ስሞክር ግን ዝም ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ድረ ገጾችም አልከፈት ብለውኛል። የሰንጠረዡ አቅም አንሶ ይሆን? ወደ አዲስ አበባስ መስመር ማስገባት እችላለሁ?» ከጥያቄው ጋር የጎረቤቶች ዝርዝርና ከኮምፒዩተሩ ላይ የተቀዳ አጭር የፓኬት ክትትል ተያይዟል።

ምላሽ፦ አቅሙ አላነሰም፤ ሰንጠረዡ ከልክ በላይ ሞልቶ ነው። አንድ የመሰልዎት ችግርም ሁለት ነው። አንዱ ያለው ኔትሮም በሚባለው የኖዶች ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ ይህ ቢፒኪው ውስጥ የሚኖር፣ የጥሪ ምልክት (የሬዲዮ ጣቢያ መለያ ስም) እንጂ የአይፒ አድራሻ የማያውቅ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ያለው በሊኑክሱ የአይፒ ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ኖድ ጥራት ሰምቶም አያውቅም። ሁለቱ አንድ ሣጥን ውስጥ ቢያድሩም አይተዋወቁም፤ አንዱን መነካካት ለሌላው አይረዳም። ስለዚህ በየተራ እንያቸው። ኔትሮሙ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የአይፒው ጉዳይ ምክንያቱ ከታወቀ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ነው።

ኔትሮም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቲኤንሲ ለሚባሉት፣ ሬዲዮን ከኮምፒዩተር ጋር ለሚያገናኙ ሣጥኖች የተጻፈ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ኖድ፣ ብዙውን ጊዜ በየ60 ደቂቃው፣ የሚያውቃቸውን ኖዶች ዝርዝር ወደ አየር ይለቃል። የሰማ ጎረቤት ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሰንጠረዥ ይገለብጥና በተራው ያሰራጨዋል። ይህ ስርጭት ማረጋገጫ የማይጠየቅበት ፍሬም (በአንዴ የሚላክ የዳታ ጥቅል) ነው፤ «ደርሶኛል» የሚል የለም። እንግዲህ አንድ ኖድ ሰንጠረዥዎ ላይ ወጣ ማለት ከሆነ ቦታ ስሙ ተሰማ ማለት ብቻ ነው። እርስዎ የሚልኩት እዚያ ይደርስ አይደርስ እንደሆነ ሰንጠረዡ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ያለው አብዛኛው ጀማሪ የሚስተው ነገር ነው። ከ0 እስከ 255 የሚጻፈው ጥራት የተለካ ይመስላል። አልተለካም። የሲግናል ጉልበትም ሆነ የጠፋ ፍሬም ብዛት አይገባበትም፤ ባለ ኖዱ በእጁ የሚጽፈው ግምት ነው። እርስዎ 255 ብለው ሲጽፉ ኖድዎ ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ ከዚያም በእርስዎ የጥሪ ምልክት ለጎረቤት ሁሉ ያወራል። ጥራትን ትተው ጊዜን በትክክል እየለኩ የሚሄዱ አሠራሮች አሉ፤ ቢፒኪውም አይኤንፒ3 የሚባለውን ያውቃል። ግን የሚሠራው ጎረቤትም ሲያውቀውና ሲከፍተው ብቻ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ የምንነጋገረው በሰው እጅ ስለሚጻፍ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከኖድ ወደ ኖድ ሲሻገር እንዴት እንደሚቀንስ እናስላው። ጎረቤት ያወራው ጥራት እርስዎ ለጎረቤቱ በሰጡት ጥራት ይባዛል፣ 128 ይደመርበታል፣ ለ256 ይካፈላል፣ ትርፍራፊው ይጣላል። ሁሉም ሰው በተለመደው 192 ቢሠራ ጎረቤትዎ 192 ነው፤ የጎረቤትዎ ጎረቤት 144፣ ቀጣዩ 108፣ ከዚያ 81፣ ከዚያ 61 እያለ ይወርዳል። ዝቅተኛውን ጥራት 100 ላይ ካቆሙ ሰንጠረዥዎ ከሦስት ዝላይ (ከኖድ ወደ ኖድ መሻገር) በላይ አያይም። በ1200 ቦድ በጋራ ድግግሞሽ ላይ ከሦስት ዝላይ በላይ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ ይህ ገደብ ልክ ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት በ255 ይሥሩት። ከ255 ወደ 254፣ ከዚያ ወደ 253። በየዝላዩ አንድ ቁጥር ብቻ! ሃምሳ ዝላይ ርቆ ያለ ኖድ ከ200 በላይ ይዞ ይደርስዎታል፤ ማለትም በ192 ከተመዘገበ የጓሮ ጎረቤት የተሻለ መስሎ ይታያል። 140 ኖዶች ያገኙት እንዲህ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። እያንዳንዱ ኖድ ሲሰማ የማርጀት ቆጠራው 6 ላይ ይጀምራል፤ በየሰዓቱ አንድ ይቀንሳል፤ ከ5 ሲያንስ ኖዱ ከስርጭት ይወጣል፣ 0 ሲደርስ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። ስለዚህ መብራት የጠፋበት ኖድ እንኳ በደህናው ጊዜ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሕይወት ያለ ይመስላል። ሦስት ኖዶች በሦስት ማዕዘን ተቀምጠው ጥራታቸው ሁሉ 255 ከሆነ ግን የሞተው ኖድ ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ቆጠራው ተመልሶ 6 ይሆናል፤ ጥራቱ ደግሞ በየእርምጃው አንድ ብቻ እየቀነሰ 128 ላይ ሲደርስ መቀነሱን ስለሚያቆም፣ ወሬው ለቀናት ሳይጠፋ ይዞራል። አሠራሩ ሁለት ኖዶች እርስ በርስ እንዳይታለሉ የሚከለክል ዘዴ አለው፤ ዝርዝሩ የላከው ሰው የሚጠቀምበትን ጎረቤት ስም ስለሚይዝ፣ የራሱን ስም ያየ ጎረቤት ያንን መስመር በ0 ይመዘግበዋል። ሦስት ሲሆኑ ግን ይህ አይበቃም። በ192 ቢሆን ያው ወሬ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ከ100 በታች ወርዶ ይጠፋል። የቁጥሩ መቀነስ ኔትወርኩ የሞተን ኖድ የሚረሳበት መንገድ ነው፤ 255 ማድረግ ያንን መንገድ መዝጋት ነው።

የአየሩን ጊዜ ደግሞ ያስቡት። አንድ የስርጭት ፍሬም 11 ኖዶችን ብቻ ይይዛል። 140 ኖዶች 13 ፍሬም ይፈልጋሉ፤ ሙሉው ፍሬም አድራሻውን ጨምሮ 258 ባይት ገደማ ሲሆን በ1200 ቦድ 1.7 ሰከንድ ይፈጃል። ማስተላለፊያው የሚነሳበትን ጊዜ ሳልቆጥር ከ20 ሰከንድ በላይ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶችዎ ያንኑ ገልብጠው ሲያሰራጩ ሌላ 40 ሰከንድ። ያም ለማይመልሱ ኖዶች። እኔም ስጀምር ይህንኑ አድርጌያለሁ። አንድ ሽማግሌ ኦፕሬተር ደውለው «ልጄ፣ ያንተ ኖድ በየሰዓቱ የስልክ ማውጫ ያነብብናል» ብለውኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ በፊት ሰንጠረዤ በመርዘሙ እየኮራሁ ነበር።

አሁን ወደላኩት የጎረቤቶች ዝርዝር። ሦስት መስመር ነው፤ ከረጅሙ የኖዶች ዝርዝር ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ከቤትዎ አጠገብ ላለው ኖድ 950 ፍሬም ተልኮ 57 ድጋሚ (ስላልደረሰ እንደገና የተላከ) አለ፤ 6 ከመቶ፣ ጥሩ መስመር። ለኮረብታው ኖድ 412 ተልኮ 268 ድጋሚ፤ 65 ከመቶ። የኢንተርኔቱ 3,100 ተልኮ 2 ድጋሚ። ኮረብታው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ በትልቅ ጉልበት ስለሚያስተላልፍ እርስዎ ጥርት አድርገው ይሰሙታል፤ የእርስዎ ትንሽ ሬዲዮ ግን እዚያ ሲደርስ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ይጋጫል ወይም ጭራሽ አይሰማም። እርስዎ ደግሞ 255 ስለሰጡት ኖድዎ ከሌላ አማራጭ ሁሉ በፊት እሱን ይመርጣል። ኔትሮም ለአንድ መድረሻ እስከ ሦስት መስመር ይይዛል፤ ሁለተኛውን የሚሞክረው ግን የመጀመሪያው ተስፋ ሲቆርጥ ነው። የመጠበቂያ ጊዜው 7 ሰከንድ፣ የድጋሚው ብዛት 10 ከሆነ 70 ሰከንድ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው እስከዚያ ሰልችቶት ሄዷል። «አይመልሱም» ካሏቸው ኖዶች ግማሾቹ የሞቱ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። የቀሩት ግን በሕይወት አሉ፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያንኳኩት የማይከፈተውን በር ስለሆነ ነው።

የሐምሌና የነሐሴ ማለዳም ሌላ ወጥመድ አለው። በአትላንቲክ ዳርቻ አየሩ ተነባብሮ ሲቀመጥ የ2 ሜትር ሞገድ እንደ ቦይ ውሃ ተመርቶ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የሩቅ ኖድ አንድ ሰዓት ያህል ይሰማል፤ ፀሐይ ስትጠነክር ይጠፋል። ሰንጠረዥዎ ውስጥ ግን እስከ ቀትር በኋላ ይቆያል፤ ክፍት ሰንጠረዥ ካለዎት ጎረቤቶችዎ ጋርም ያድራል።

ያሉዎት አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁሉንም ለአውቶማቲክ መተው ነው፤ ውጤቱን አይተውታል። ሁለተኛው ስርጭቱን ጨርሶ ዘግቶ እያንዳንዱን መድረሻ በእጅ መጻፍ ነው። ይህ ሦስት አራት ኖድ ብቻ ላለው የአደጋ ጊዜ ኔትወርክ ይሆናል፤ ግን አንድ ሰው የጥሪ ምልክቱን በቀየረ ቁጥር ሁላችሁም ፋይል ማረም አለባችሁ፣ ማንም ደግሞ አያርምም። ሦስተኛው ጎረቤትን በእጅ መቆለፍ፣ ከጎረቤት ወዲያ ያለውን ለስርጭቱ መተው ነው። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ለእርስዎ ሁኔታ ሌላውን አልመክርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሬዲዮው ፖርት ላይ «ኳሊቲ» የሚለውን 0 ያድርጉት። በዚህ ጊዜ ኖድዎ የማያውቀው ጣቢያ የሚያሰራጨውን ዝርዝር ይሰማል እንጂ አይመዘግብም፤ የማለዳው እንግዳም በር ላይ ይቀራል። ከዚያ «ራውትስ» በሚለው ክፍል የቅርቡን ጎረቤት በ192 ቆልፈው ያስገቡ። ኮረብታውን አያስገቡት። የሚያጡት ነገር የለም፦ የቅርቡ ጎረቤት ኮረብታውን በደንብ የሚያገኘው ከሆነ በእሱ በኩል 144 ሆኖ ይመጣልዎታል፤ በሁለት ጥሩ ዝላይ መሄድ በአንድ መጥፎ ዝላይ ከመሄድ ይፈጥናል። የዝቅተኛ ጥራት ገደቡን («ሚንኳል») 100 ያድርጉት።

የኢንተርኔቱን መስመር 120 ይስጡት። ከሬዲዮው ያነሰ ቁጥር መስጠት እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል፤ ድጋሚው ከሁሉም ያነሰ አይደል? ነው። ጥያቄው ግን መስመሩ ያስተላልፋል ወይ ሳይሆን ሬዲዮው ላይ ምን ይወጣል ነው። ወዳጅዎን በ120 ሲመዘግቡት እርስዎ በቀጥታ ያገኙታል። ያው ወሬ የ192 ጎረቤትዎ ጋ ሲደርስ 90 ይሆናል፤ የእሱ ገደብም 100 ከሆነ ሰንጠረዡ ላይ አይወጣም። ወዳጅዎ በ192 የሚያውቃቸው ኖዶችም እርስዎ ጋ ሲደርሱ 90 ሆነው ይወድቃሉ። የሚያልፈው ወዳጅዎ ራሱ በ255 ወይም በዚያ አካባቢ ያስመዘገባቸው ናቸው፤ 254 ያለው ኖድ 119 ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ወዳጅዎም በበኩሉ ቁጥሩን እንዲያወርድ ይንገሩት። አለበለዚያ ከኮረብታ ማዶ ያለ የሬዲዮ ጎረቤት ጋ ለመድረስ ፓኬትዎ ሌላ ክፍለ ሀገር ደርሶ የሚመለስበት ቀን ይመጣል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሬዲዮ መስሎን የነበረው ኔትወርክ አብሮ ይወድቃል፤ ፓኬት ሬዲዮ ለአደጋ ጊዜ ይጠቅማል ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ውርደት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ቢፒኪው የተማራቸውን ኖዶች ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ያንን ፋይል ሳያጠፉ ማስነሳት አሮጌውን ሰንጠረዥ መልሶ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው «ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ሌላው፣ ጥራት የሚጻፈው በሁለቱም ጫፍ ለየብቻ ነው። እርስዎ ለጎረቤትዎ 192 ሰጥተው እሱ ለእርስዎ 255 ቢሰጥ መሄጃና መመለሻ መንገዱ ሊለያይ ይችላል። ደውለው ይስማሙ፤ ይህን የሚተካ ሶፍትዌር የለም።

ወደ አይፒው። የ44 አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ለአማተር ሬዲዮ የተመደቡ ናቸው፤ ያኔ በ44 የሚጀምረው ሁሉ፣ 16 ሚሊዮን ያህል አድራሻ፣ የእኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ምደባውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከ44.192 ጀምሮ ያለውን ሩብ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻ፣ ለአማዞን ሸጠ። ሽያጩ ይገባ ነበር አይገባም የሚለው ክርክር ዛሬም አማተሮችን ያጣላል፤ እሱን ለቡና ሰዓት እንተወው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የተከተሉት መመሪያ ከዚያ በፊት የተጻፈ ስለሆነ 44.0.0.0/8ን (በ44 የሚጀምረውን ሁሉ) ወደ ተነሉ፣ ማለትም የ44 ፓኬቶች በኢንተርኔት ውስጥ ተጠቅልለው ወደሚያልፉበት መንገድ፣ አስገብተዋል። አልከፈት ያሉዎት ድረ ገጾች አማዞን ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ከተሸጠው ክልል ከፊሉ ደግሞ የሚያገለግለው እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ ያሉትን የመረጃ ማዕከላት ነው። ጎረቤትዎ ያለ ሰርቨር በአማተር ተነል ሊፈለግ ሄዶ ይጠፋል። 44.0.0.0/8 የሚለውን ሰርዘው በምትኩ ሁለት ያስገቡ፦ 44.0.0.0/9 እና 44.128.0.0/10። ዛሬ የእኛ የሆነው ይኸው ነው።

ከስልክዎ ሲሞክሩ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ በላኩት ክትትል ላይ በግልጽ ይታያል። ከስልኩ የመጣው ፒንግ በተነሉ ይገባል። መልሱ ግን በተነሉ አይወጣም፤ የ44 አድራሻ እንደያዘ በተራው የኢንተርኔት ገመድ በኩል ይወጣል። የኢንተርኔት አቅራቢዎ የራሱ ያልሆነ የላኪ አድራሻ ያየበትን ፓኬት ይጥላል፤ እንዲጥልም ይጠበቅበታል፣ በሐሰት አድራሻ የሚመጣ ጥቃት የሚከለከለው እንደዚያ ነው። ከሌሎች አማተሮች ሲመጣ የሚሠራው መድረሻው ራሱ 44 ስለሆነ መልሱም በተነሉ ስለሚሄድ ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ ሰንጠረዥ ነው። ሊኑክስ የፓኬቱን መድረሻ ብቻ ሳይሆን መነሻውንም አይቶ የትኛውን ሰንጠረዥ እንደሚያነብ መወሰን ይችላል። የተመደበልዎት 44.128.0.8/29 (ስምንት አድራሻ) ነው ብለን እናስብ፤ እርስዎ በራስዎ ይተኩት። ቁጥሩን 44 ብለው አንድ ሰንጠረዥ ይክፈቱ። በቅድሚያ፦ ወደ 44.128.0.8/29 የሚሄድ ዋናውን ሰንጠረዥ ያንብብ። ይህ መጀመሪያ ካልመጣ የራስዎ ሬዲዮ ላይ ያለ ጣቢያ ካሊፎርኒያ ባለው የተነሉ መግቢያ በር በኩል ይፈለጋል። ቀጥሎ፦ ወደ ሁለቱ የ44 ክልሎች የሚሄድ ሰንጠረዥ 44ን ያንብብ። በመጨረሻ፦ ከ44.128.0.8/29 የሚነሳ ማንኛውም ነገር ሰንጠረዥ 44ን ያንብብ። በሰንጠረዥ 44 ውስጥ ነባሪው መውጫ (የራሱ መስመር ያልተጻፈለት ሁሉ የሚሄድበት) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ያለው መግቢያ በር ይሁን፤ አድራሻውን ከምዝገባ ፖርታሉ ይውሰዱ። የሌሎቹን አማተር ጌትዌዮች መስመር በእጅ አይጻፉ፤ መግቢያ በሩ ራሱ በየ5 ደቂቃው ሪፕ በሚባል የመስመር ማሰራጫ ፕሮቶኮል ያሰራጫቸዋል፣ ያንን የሚቀበለው ፕሮግራም ሰንጠረዥ 44 ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ብቻ ነው። የሰዎች የቤት አድራሻ ሁልጊዜ ስለሚቀያየር ዛሬ በእጅ የጻፉት በወሩ ስህተት ይሆናል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ከስልክ ካልተደረሰ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። መግቢያ በሩ በአማተሮች የስም መዝገብ ላይ ስም ላልተሰጠው አድራሻ ከኢንተርኔት የመጣ ፓኬት አያሳልፍም፤ አድራሻዎ ስም እንዲኖረው ያስመዝግቡ። ሊኑክስ ደግሞ ፓኬት በአንድ በር ገብቶ መልሱ በሌላ የሚወጣ ሲመስለው የሚጥልበት ማጣሪያ አለው፤ ለተነሉ ላላ ያለውን አማራጭ ይምረጡለት። በነገራችን ላይ ተነሉ የሚሠራው በአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 4 ነው፤ ብዙ ሰው ራውተሩ ላይ «ፖርት 4» ከፍቶ ይጠብቃል። ፖርት የሚባል ነገር የለውም። ለዚህም ነው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ በሚጋራበት የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ይህ ተነል የማይሠራው። እርስዎ ከሌሎች አማተሮች ፒንግ ስለሚደርስዎት ይህ ችግር የለብዎትም።

የአይፒውን ፓኬት ሬዲዮ ላይ የሚያወጡ ከሆነ መጠኑን ይቀንሱ። በተነል የመጣ 1480 ባይት ፓኬት 256 ባይት በሚያሳልፍ የሬዲዮ ፖርት ላይ ሲወጣ ሰባት ቦታ ይቆራረጣል፤ ከሰባቱ አንዱ ከጠፋ ሙሉው ይጣላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ያለ ማረጋገጫ ተልኮ 80 ከመቶ የመድረስ ዕድል ቢኖረው ሰባቱም አንድ ላይ የሚደርሱት ከመቶ 21 ጊዜ ብቻ ነው። በግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ የሚስማሙበትን የቲሲፒ ክፍል መጠን 216 ላይ ይገድቡት፤ 40 ባይት ራስጌ ሲጨመር 256 ይሆናል፣ መቆራረጥም አይኖርም።

የሬዲዮው ፖርት ላይ ነባሪ መውጫ ግን በፍጹም አይጻፉ። ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ሰዓት ይጠይቃል፣ ዝማኔ ይፈልጋል፣ በየጊዜው «ማተሚያ አለ ወይ?» እያለ አካባቢውን ይጣራል። ያ ሁሉ በእርስዎ የጥሪ ምልክት አየር ላይ ይወጣል። የመጨረሻው ዓይነት ጥሪ ለማንም ሰው ስለሆነ ነባሪ መውጫ ባይኖርም ይወጣልና፣ አቫሂ የሚባለውን አገልግሎት ለሬዲዮው ፖርት ይዝጉት። የአሜሪካ ደንብ ክፍል 97 ትርጉሙን ለመደበቅ የተመሰጠረ መልእክት በአማተር ድግግሞሽ ላይ አይፈቅድም፤ ዛሬ የምንከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል የተመሰጠረ ነው። በሬዲዮው በኩል የሚሄደው የራስዎ /29 ውስጥ ያሉ ጣቢያዎችና ስማቸውን የሚያውቋቸው የሬዲዮ ጎረቤቶች ብቻ ይሁኑ፤ የቀረውን ፋየርዎሉ ያቁመው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ መስመር አይፈጥርም። በ2 ሜትር ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ የለም። በአጭር ሞገድ በ300 ቦድ ሲቀና ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ሲመጣ የሚሄድ መስመር ግን ለኖዶች ስርጭት የሚሆን አይደለም። የሚያዋጣው የኢንተርኔት መስመር ነው፤ ለዚያ ደግሞ እዚያ ፈቃድ ያለው ጣቢያና ፈቃደኛ ኦፕሬተር ያስፈልጋል። አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ እነሱን ያነጋግሩ፣ ከተስማሙ በ120 ያስገቡት። ሳይነጋገሩ ግን ስማቸውን ሰንጠረዥዎ ላይ አይጻፉ፤ 141ኛው የማይመልስ ኖድ ይሆናል።

አሁን የሚሠሩት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ኖዱን ያቁሙ፤ የተቀመጠውን የኖዶች ፋይል ያጥፉ፤ የሬዲዮ ፖርቱን 0፣ የቅርቡን ጎረቤት 192፣ ወዳጅዎን 120፣ ገደቡን 100 አድርገው ያስነሱ። ለአንድ ሙሉ ቀን አይንኩት፤ ጎረቤቶችዎ ከእርስዎ የገለበጡት አሮጌ ወሬ እስኪያረጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ወሬው በመካከላቸው እየዞረ ከሆነ ደግሞ እነሱም ፋይላቸውን ማጥፋት ሊኖርባቸው ይችላል። ሰንጠረዡ ወደ አሥር ወይም አሥራ አምስት ኖድ ሲወርድ አይደንግጡ። ከዚያ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ እያንዳንዱን በየተራ ይጥሩና የጎረቤቱን ድጋሚ እንደገና ያንብቡ። ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ 192ቱን ይተዉት፤ ከ10 እስከ 30 ከሆነ ወደ 150 ያውርዱት፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ አያስገቡት። የኮረብታው 65 ከመቶ በቁጥር አይድንም። እሱን ከፈለጉ አንቴናዎን ከጣሪያው ጫፍ በላይ ያውጡት፣ ገመዱንም ይመርምሩት፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን የድጋሚ ቁጥር ይላኩልኝ።